የክብር ዳኛዋ ከቤት ያስወጡኝ ጠዋት

የአማቴን ጉዳይ የሚያዩት «የክብር ዳኛ» መሆናቸውን የሰማሁ ዕለት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒውአርክ ከምሠራበት መጋዘን ወጥቼ ወደ ኦክላንድ እየነዳሁ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ልጄ ደወለች።

«ዳድ፣ የጣልያኑ ጠበቃ ኢሜይል አድርጓል። ዳኛ ተመድቧል።»

«እሰይ!»

«ግን ኦነራሪ ጀጅ ናት ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«አይ ዶንት ኖ። የክብር ዳኛ ምናምን።»

የክብር ዶክተር አውቃለሁ። ካባ ይደረብለታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ፎቶ ይነሳል፤ መርፌ ግን አይወጋም። እናም አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ነገር ካባ ለተደረበለት ሰው ተሰጠ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከፊቴ ያለው መኪና መንቀሳቀሱን እንኳ አላየሁም። ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፉብኝ ነው የነቃሁት።

ጉዳዩ ይህ ነው። አማቴ የተወለዱት አሥመራ ነው። አባታቸው ጣልያናዊ መካኒክ ነበር። ሲወለዱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «ልጄ ናት» ብሎ አስመዘገባቸው። ይህን ያላደረጉ ብዙ ነበሩና፣ ስለዚህ አንድ ነገሩ አመሰግነዋለሁ። ገና ዳዴ ሲሉ ወደ አገሩ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ያሳደጓቸው የእናታቸው አባት ናቸው። ትምህርት ቤት የገቡት፣ አዲስ አበባ ተቀጥረው የሠሩት፣ አሜሪካ የመጡትና እዚህም ዜግነት የወሰዱት በእኚሁ አያታቸው ስም ነው።

እርጅና ሲመጣ አማቴ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። የአባታቸው አገር አንድ ጊዜ እንኳ «አዎ፣ የእሱ ልጅ ነሽ» እንዲላቸው። ፓስፖርቱ አላጓጓቸውም። ከሳን ሆዜ አፓርታማቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ የሚደክማቸው ሰው የት ይበርራሉ? ነገር ግን በልጅነታቸው አባት የለሽ ተብለው ተሰድበዋል። እናታቸውም በዚሁ ስድብ አንገታቸውን ደፍተው ኖረው ሞተዋል። የጣልያን ቆንስላ ደግሞ «መዝገቡ ላይ ያለችው ሕፃንና እናንተ ያመጣችኋቸው ሴት አንድ ሰው ለመሆናቸው ማስረጃ የለም» አለን። ስማቸው አይመሳሰልማ። በዚህ ምክንያት ነው ጣልያን አገር ፍርድ ቤት የገባነው።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ራሴ መጽሐፍ ገልጬ ነው። ለልጄም ሁልጊዜ የምላት ይህንኑ ነው፦ ያላወቅሽውን ነገር ከመስደብሽ በፊት አንብቢው። ስለዚህ የራሴን ምክር ልፈጽም በማግስቱ ሌክ ሜሪት አካባቢ ካለው ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ያገኘሁት ነገር እንዲህ ነው። በጣልያን መደበኛ ዳኛ በፈተና ተወዳድሮ ይገባል፤ እንጀራው ዳኝነት ነው። ከእሱ ሌላ የክብር ዳኛ የሚባል አለ። ሕግ የተማረ፣ ብዙ ጊዜም ጠበቃ የሆነ ሰው ነው። የግል ሥራውን እየሠራ በተመደበለት ቀን ችሎት ይቀመጣል። የሚከፈለው እንደ መደበኛው ዳኛ አይደለም፤ እዚያም ስለዚህ ነገር ብዙ ቅሬታ አለ። የዜግነት አቤቱታ ከየአህጉሩ እንደ ጎርፍ ሲመጣ መደበኛዎቹ ዳኞች ብቻቸውን አልቻሉትም፤ በአንዳንድ ፍርድ ቤት ለክብር ዳኞች አካፈሏቸው። የእኛ ዓይነት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በኢንተርኔት ይጨቃጨቃሉ። ግማሹ «የክብር ዳኛ ከደረሰህ ቶሎ ያልቅልሃል» ይላል፤ ግማሹ «እንደ ዕድልህ ነው» ይላል። እኔ ፍርድና ዕድል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ አልወድም።

ልጄን፣ መደበኛ ዳኛ እንዲቀየርልን ጠበቃውን ጠይቂልኝ አልኳት። መልሱ አጭር ነበር። ባለጉዳይ ዳኛ አይመርጥም።

እሑድ አማቴ ቤት ምሳ ላይ ነገሩን አነሳሁት።

«ጠዋት ለደንበኛ ተሟግቶ ከሰዓት በኋላ ዳኛ ነኝ የሚል ሰው እንዴት ይታመናል?» አልኩ። «ዳኝነት ትርፍ ሥራ አይደለም።»

ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። «ዳድ፣ አንተስ? ዩ አር ዘ ኦነራሪ ጀጅ ኦፍ ቴሜስካል።»

ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ነገሩ እውነትነት አለው። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ያሉ ያገራችን ባለ ምግብ ቤቶች ከሸሪካቸው ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ እኔን ይጠሩኛል። ማንም አልሾመኝም። ፈተናም አልተፈተንኩም።

«ያ ሽምግልና ነው» አልኩ። «እኔን ሁለቱም ወገን ያውቁኛል።»

«ሶ ኢትስ ወርስ፣ ያማ ይብሳል» አለች ልጄ።

አማቴ እስከዚያ ምሳቸውን ይበሉ ነበር። «ወደይ» አሉኝ። ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ከእኔ ጋር የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ግን ትግርኛዋ ብቅ ትላለች። «ወደይ፣ አንተ የመንገድ ዳኛ አታውቅም? ድሮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ 'በሕግ አምላክ' ብሎ አላፊውን ያስቆመው ነበር አሉ። ገበያ የሚሄደው ሰውዬ አህያውን ያስርና ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይዳኛቸዋል። ማን ሾመው? ያቺ ሴትዮም አህያዋን አስራ ከተቀመጠችልኝ ይበቃኛል።»

«የመንገድ ዳኛው ካጠፋ እኮ ወደ በላይ ይኬዳል፣ እማማ።»

«እኛም እንሄዳለና! አንተን ምን አስቸኮለህ? ሩዙ እየቀዘቀዘ ነው፣ ብላ።»

ጥቂት ወራት አለፉ። ከዚያ ጠበቃው ያልጠበቀው ትእዛዝ መጣ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ በወረቀት ብቻ ያልቃል። የእኛ ዳኛ ግን አመልካቿን ራሳቸውን በቪዲዮ ልሰማ አሉ። ችሎቱን ከሰዓት በኋላ አደረጉት፤ ጠዋት ጠዋት የራሳቸው የጥብቅና ሥራ አለባቸው። የእነሱ ከሰዓት በኋላ ለእኛ ማለዳ ነው። በዚህ እንኳ ጠቀሙን፣ አማቴን ከእንቅልፍ አላስነሱብንም።

ጠበቃው አንድ ምክር ላከ። ዳኛዋ ስለ ስሙ ሲጠይቁ «የጸሐፊ ስህተት ነው» በሉና ጨርሱ አለ። ልጄ ይህን ስታነብ አማቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«ስህተት?» አሉ። «የአባባን ስም?»

አባባ የሚሉት ያሳደጓቸውን አያታቸውን ነው።

እኔ ተቆጣሁ። ስህተት ያልሆነውን ስህተት ነው ማለት ውሸት ነው። በዳኛ ፊት የሚዋሽ ሰው ደግሞ ቢረታም አይጠቅመውም፤ የረታው እሱ አይደለም፣ ውሸቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን በወጉ ላስረዳ ተነሳሁ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም እንደሌለው፣ ልጅ በአባቱ ስም እንደሚጠራ፣ አባት ሲጠፋ አያት እንደሚተካ የሚያስረዳ ንግግር አዘጋጀሁ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስቆጣጠር እንኳ በልቤ እለማመደው ነበር።

«እማማ፣ እኔ እናገርልዎታለሁ» አልኳቸው።

«የለም፣ ራሴ እናገራለሁ።»

«ኧረ አይድከሙ።»

«ራሴ እናገራለሁ አልኩህ።»

«እኔ እያለሁማ አይሆንም!»

ዝም አሉ። እኔም እሺ ያሉኝ መሰለኝ። የእኛን ሰው የሚያውቅ አይፈርድብኝም። እኛ ስንጋበዝ «በቃኝ» እንላለን፤ ጋባዡ ደግሞ እውነተኛ ጋባዥ ከሆነ አይሰማንም። በሽምግልናም ቢሆን አሮጊት እናት ቆመው አይከራከሩም። ልጅ ወይም አማች አፍ ይሆንላቸዋል። ለራሷ የምትናገር ሴት ሰው የሌላት ትባላለች። እኔ ያደግሁት በዚህ ነው፤ ለአማቴ የሰጠኋቸው ክብር ነበር።

የችሎቱ ዕለት ጨለማው ሳይለቅ ከኦክላንድ ተነስተን ሳን ሆዜ ደረስን። ባለቤቴ ሆስፒታል ሥራ ላይ ስለነበረች ሦስታችን ብቻ ነን። እኔ ሱፍና ክራቫት አድርጌአለሁ። ልጄ ላፕቶፑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

ዳኛዋ ብቅ አሉ። ካባ የለ፣ መዶሻ የለ። ግራጫ ሹራብ ለብሰዋል፤ መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ ሰክተዋል። በስክሪኑ ሌላ ሳጥን ጠበቃችን፣ በሦስተኛው ደግሞ እዚያው የሚኖር ያገራችን ልጅ ለአስተርጓሚነት ቀርቧል።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ» አለ አስተርጓሚው። «ክብርት ዳኛ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ ይላሉ።»

አማቴ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ከጎናቸው ተነሳሁ። ካሜራው ፊት ገብቼ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የእኚህ እናት አማች ነኝ። በአገራችን ወግ መሠረት ስለ እሳቸው ሆኜ ቃላቸውን ለማቅረብ...»

አስተርጓሚው ዐይኑ ፈጠጠ። ያንን ሁሉ ንግግሬን በሁለት በሦስት ቃል ጨረሰው። ዳኛዋ መነጽራቸውን ከፀጉራቸው አውርደው አደረጉ። ጠበቃው ግንባሩን ያዘ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ማን ነዎት፣ ለምንስ ይናገራሉ ይላሉ።»

«አፍ ሆኜላቸው ነዋ! በባህላችን...»

«ጋሼ፣ ይቅርታ፤ ይህን ስተረጉመው ጥሩ አይመጣም።»

«እንዳለ ተርጉመው!»

ተረጎመው። ጥሩ አልመጣም።

«ሰውየው ቃላቸውን ነግረዋቸው ከሆነ የእኔ መስማት ትርጉም የለውም ይላሉ። አሁኑኑ ከቤቱ ይውጡ፤ ካልወጡ ችሎቱን እዘጋለሁ፤ በመዝገቡም ላይ እጽፈዋለሁ ይላሉ።»

«ዳድ፣ ጎ» አለች ልጄ። «ፕሊስ።»

አማቴን አየኋቸው። እሳቸው ዐይናቸውን ከዳኛዋ አልነቀሉም። «ውጣ፣ ወደይ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ዳኛ ሲያዝዝ አይከራከሩም። አንተ አይደለህ እንዲህ የምትለው?»

ወጣሁ። የአፓርታማው ደረጃ ውጭ ነው፤ ሱፌን እንደለበስኩ እዚያ ተቀመጥኩ። አንዲት ጎረቤት ውሻዋን ይዛ ስትወርድ ጎኔን ታክካ አለፈች። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አማቴ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቋት አንዲት ቃል በእኔ አፍ ምክንያት ቀረች። ተጸጸትኩ ማለት አልችልም፤ ገና ትክክል እንደሆንኩ እያመንኩ ነበር የፈራሁት። ሰው ትክክል ነኝ እያለም ቤት ያፈርሳል።

የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። በወንፊት ሽቦው በኩል ድምፅ ይሰማል።

«ማንም ሰው እንዲህ ይበሉ ብሎ ነግሮዎታል ወይ? ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«ብዙ ሰው ነግሮኛል» አሉ አማቴ። «ጠበቃው ስህተት ነው በይ አለኝ። አማቼ እኔ ልናገር አለኝ። እኔ ግን የማንንም አልሰማሁም።»

በቃ፣ ችሎቱ ተዘጋ አልኩ። ቀጥሎ ያልጠበቅሁት ነገር ተሰማኝ፤ አጭር የሴት ሳቅ፣ ከላፕቶፑ ውስጥ።

«መልካም፤ ታዲያ እርስዎ ምን ይላሉ? ይላሉ።»

«ስሙ ስህተት አይደለም። ትምህርት ቤት ልመዘገብ አባባ ይዘውኝ ሄዱ። በሩ ላይ ልጆች ከበቡኝ። የፈረንጅ ዲቃላ አሉኝ። አለቀስኩ። አባባ ጎንበስ አሉና 'ስሜን አውስሻለሁ' አሉኝ። 'በእኔ ስም ግቢ፤ በዚህ ሰፈር የእኔን ልጅ የሚነካ የለም። የአባትሽንም ስም አትርሺ፣ እሱም ያንቺ ነው' አሉኝ። ገባሁ። ማንም አልነካኝም።»

አስተርጓሚው እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አሁን ስህተት ነው ብል አባባን ካድኳቸው። እሳቸውን ክጄ የአባቴ ልጅ አልባልም። ሁለቱም ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ይቅርብኝ።»

እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አማቻቸው ሆኜ ኖሬ፣ ለምን በአያትዎ ስም ይጠራሉ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ዳኛዋ ግን የጠየቁት ስለማያውቁ ነው።

«የአያትዎን ስም ከነአባታቸው ይንገሩኝ ይላሉ።»

አማቴ ተናገሩ። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማኝ።

«እዚህ የልደት መዝገቡ ላይ የእናትዎ አባት ስም ተጽፏል ይላሉ። እርስዎ አሁን የነገሩኝ ስም ነው፣ ዛሬ የሚጠሩበትም ይኸው ነው ይላሉ።»

«አዎን» አሉ አማቴ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «እናቴም የአባባ ልጅ ናታ!»

ሁላችንም ያን መዝገብ አንብበነዋል። እኔ፣ ልጄ፣ ጠበቃው፣ ቆንስላው። ሁላችንም የፈለግነው የጣልያኑን ስም ነበርና ዐይናችን እዚያ ላይ ብቻ ቀረ። አያትየው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበሩ።

ልጄ በሩን ከፍታ ስትጠራኝ ገባሁ። ላፕቶፑ ተዘግቷል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ራሴ ሲሉኝ ይሉኝታ መስሎኝ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዬ ይሉኝታ ከየት አመጣለሁ?» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «ክራቫትህ ግን አምሮብሃል።»

ልጄ ሳቀች፣ ዐይኖቿ ግን ቀልተው ነበር።

የክብር ዳኞች ሁሉ እንዲህ ናቸው አልልም። እኔ ያየሁት አንዷን ነው፤ እሳቸውንም ያየኋቸው እስኪያስወጡኝ ድረስ ብቻ። ሰዎች የጻፉት ቅሬታም ሐሰት አይመስለኝም፤ ከባድ ሥራ ሰጥቶ በጎን በር ማስቀመጥ ለሠራተኛውም ለባለጉዳዩም ደግ አይደለም። ነገር ግን አባቶቻችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ሲሉ፣ ዳኛ ሲገኝ ይላሉ እንጂ በምን እንደተሾመ አይሉም። የሚሰማ ከተገኘ ተገኘ ነው። ተናገር የተባለውም ባለጉዳዩ ነው።

ፍርዱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሁላችንም ሳን ሆዜ ተሰበሰብን። ልጄ ጠበቃው የላከውን እንግሊዝኛ እያየች ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ ሲጠፋት እናቷ ታግዛታለች። አመልካቿ የእገሌ ልጅ መሆናቸው ተረጋግጧል። የአያታቸው ስም የገባው በስህተት አይደለም፤ አሳዳጊያቸው ልጅቷን ሊጠብቋት ብለው የሰጧት ነው። በሁለቱም ስም የምትጠራው ሰው አንድ ናት። እንዲህ ይላል።

እኔ ሐሰተኛ ተስፋ መስጠት አልወድም። «እማማ፣ ገና ነው» አልኩ። «የጣልያን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይግባኝ ሊል ይችላል። ጊዜው እስኪያልፍ ልባችንን መያዝ አለብን።»

«ይግባኝ ይበል» አሉ። «እሱ የወረቀት ነገር ነው። እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች። እኔ ሰማሁ። ከእንግዲህ ማን ከአፌ ያወጣዋል? ከጆሮዬስ?» ወደ ልጄ ዞሩ። «የአባቴ ስም ያለበትን ደግሞ አንብቢልኝ። በጣልያንኛው።»

ልጄ ጣልያንኛ አታውቅም። ስሙን እንደ እንግሊዝኛ ጎትታ፣ መሀሉን ውጣ አነበበችው።

«ውይ! ምን እያልሽው ነው?» አሉ አማቴ። «እንዲህ አይባልም።»

ቀጥ ብለው ተቀመጡና ራሳቸው ጠሩት። ድምፃቸው ተለወጠ፣ ቀለል አለ፤ የአሥመራ ትምህርት ቤት ልጅ ድምፅ ሆነ። የአባታቸውን ስም ከአፋቸው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አጌን» አለች ልጄ፣ ወንበሯን ወደ እሳቸው እየሳበች። ደገሙላት። እሷም ተከተለቻቸው፤ ተሳሳተች፣ ሳቁባት፣ እንደገና ሞከረች።